ቀለም የማይሸፍነው

በእንግዳ መቀበያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ጋሻ ተሰቅሏል። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና «የማን ቅርስ ነው? ከአያት የወረደ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ተነሥቶ በጣቱ ቆርቆር ሲያደርገው ግን የጠበቀውን የብረት ድምፅ አይሰማም። ቢያወርደው ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ጋሻው የተሠራው የነጠላ ጫማ ሶል ከሚሠራበት ፎም ነውና።

የሠራችው የ13 ዓመት ልጄ ናት። «አንቺስ ምን አደረግሽ?» ብትሉኝ፣ መልሴ «አንድ ጊዜ አበላሸሁት» የሚል ነው። ታሪኩን ላጫውታችሁ ብዕር ያነሣሁትም ልጆቻችንን የረዳን እየመሰለን የምናደርገው ነገር በእኔ ቤት ብቻ የተፈጸመ ስላልመሰለኝ ነው።

እንደሚታወቀው የካቲት በመጣ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ የዓድዋ ድል በመዝሙር፣ በግጥምና በአጭር ተውኔት ይታሰባል። ባለፈው የካቲት የልጄ ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው የጻፉትን ተውኔት ለማሳየት ሲዘጋጁ፣ እቴጌ ጣይቱን ሆና እንድትጫወት የተመረጠችው ልጄ ነበረች። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣

«እማዬ፣ ጋሻ ያስፈልገኛል» አለችኝ።

«እቴጌ ጣይቱን ለመሆን ጋሻ ምን ያደርግልሻል? ዘውድ ይበቃሻል። ከወርቅማ ወረቀት ቆርጬ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

እንዲህ ማለቴ አላስደሰታትም። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገው የኢጣሊያ ጦር ውኃ እንዲቋረጥበት ሐሳብ ያቀረቡት እቴጌይቱ መሆናቸውን፣ ወደ ዓድዋም የራሳቸውን ጦር አስከትለው መዝመታቸውን እንደ አስተማሪ ቆማ አስረዳችኝ። በተውኔታቸው ውስጥ እቴጌይቱ ለአንድ ወጣት ዘማች ጋሻ የሚያስረክቡበት ትዕይንት አለ። ከዚያም ዋናውን ጭንቀቷን ነገረችኝ።

«ካርቶን እንዳይሆን። አምና የካርቶን ጋሻ መድረክ ላይ ሲታጠፍ ሰው ሁሉ ሳቀ። የእኔ ልሙጥ፣ ከሩቅ ሲያዩት ብረት የተለበጠበት የሚመስል መሆን አለበት።»

የጥንቱ የአገራችን ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራ፣ ክብ፣ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለና መሀሉ ከፍ ያለ ነው። የመኳንንቱ ጋሻ ደግሞ ከፈይ ለብሶ በብር ወይም በወርቅ ቅብ ጌጥ ያሸበርቃል። ልጄ ይህንን ከሥዕል እያየች በደብተሯ ላይ ነደፈችው። ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ መሀሉ ላይ የብር እምብርት፣ ዙሪያውን የብር ጠርዝ። ንድፉ ደስ ይል ነበር። ምን ላይ እንደሚሠራ ግን ሁለታችንም አናውቅም።

መጀመሪያ የሞከርነው ከማቀዝቀዣ ካርቶን ውስጥ የወጣውን ነጩን ፎም ነበር። እኔ ቆረጥኩት፤ ለመቁረጥ ሲበዛ ቀላል ነው። ቀለሙንም በቆርቆሮ የሚሸጠውን የሚረጭ ቀለም ገዝቼ ነፋሁበት። ዐይናችን እያየ ፎሙ እንደ በረዶ ሟሟ፣ ተቦረቦረም። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ነጭ ፎም ፖሊስታይሪን የሚባለው ነው። በሚረጭ ቀለምና በአንዳንድ ማጣበቂያ ውስጥ ያለው ማሟሟቻ ይበላዋል።

መፍትሔውን ያገኘሁት ካላሰብኩት ቦታ ነው። የተበጠሰ ጫማዬን ይዤ ሰፈራችን ጥግ ላይ ከሚቀመጡት አዛውንት ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄጄ፣ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ነገሩን አጫወትኳቸው። አባባ ሳቅ ብለው ከሳጥናቸው ሥር አንድ ጥቁር ገበታ ጎትተው አወጡ። እንደ ጎማ ይለመጣል፣ እንደ ስፖንጅ ቀላል ነው።

«ይኸ ኢቪኤ ይባላል፤ የነጠላ ጫማ ሶል ነው» አሉኝ። «ሕፃናት የሚጫወቱበት የሚገጣጠመው ምንጣፍም ከዚሁ ነው የሚሠራው። መርካቶ የጫማ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ በውፍረቱ ታገኚዋለሽ። ለጋሻሽ 5 ሚሊ ሜትሩ ይበቃል፤ ለጌጡ 2 ሚሊ ሜትሩን ውሰጂ። የምታጣብቂው በማስቲሽ ነው። ሁለቱንም ፊት ቀቢ። ከዚያ ታገሺ። በጣትሽ ስትነኪው መያዝ ሲተው ያን ጊዜ ግጠሚው። አንዴ ከገጠምሽ ማስተካከል የለም!»

ልጄም ሥራዋን ጀመረች። ጎባጣ ነገር ከጠፍጣፋ ገበታ እንዴት እንደሚወጣ የገባት ዣንጥላ ዘርግታ ስታይ ነው። ስምንት እኩል ቅጠሎችን በወረቀት ነደፈች፤ ቅጠሎቹ ጎናቸው ጥቂት ቆልመም ስለሚል ሲገጣጠሙ መሀሉ ተነሥቶ ይጎብጣል። በልብስ ስፌት ሙያ 20 ዓመት የኖርኩት እኔ የወረቀት ቅዱን ሳየው ገረመኝ። ይህንን ያስተማርኳት እኔ አልነበርኩም።

የመጀመሪያው ቆረጣ ግን እንደ ንድፉ አላማረም። ፎም ሲያዩት ለስላሳ ይምሰል እንጂ ምላጭን ቶሎ ያዶለዱማል። ከዶለዶመ ደግሞ መቁረጡን ትቶ ይቦጭቃል። ልጄ ካተሯን አጋድማ ስለያዘችው የቅጠሎቹ ጎን ወደ አንድ ወገን አጋደለ። ሲገጣጠሙ እዚህ ጋ ክፍት፣ እዚያ ጋ ተደራራቢ ሆነ። እሷ ግን ደስ ብሏት «ነገ አስተካክለዋለሁ» ብላ ተኛች።

እኔ አልተኛሁም። መጋጠሚያውን አየሁት፤ ዞር ብዬ እንደገና አየሁት። ስፌት ጠምሞ ሲያይ የማያርፍ ዐይን ያለው ሰው ያውቀዋል። ለበዓሉ የቀረው አምስት ቀን ነው። ልጄ በሰው ፊት እንዳታፍር በሚል ሰበብ ካተሩን አነሣሁ። ቅጠሎቹን ለያይቼ እንደገና ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ፤ የቀረውን ስንጥቅ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ በታሸገበት ሲሊኮን ሞላሁት፤ በላዩም የብር ቀለም ቀባሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጨርሼ ስተኛ፣ ጠዋት ስታየው የምትጮኸውን የደስታ ጩኸት እያሰብኩ ነበር።

ጠዋት ልጄ አልጮኸችም። ጋሻውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ በመጋጠሚያው ላይ ጣቷን አሳለፈች። ሲሊኮን ቀለም አይዝምና የብሩ ቀለም ተቀርፎ ከጣቷ ጋር ወጣ። ስምንቱ መጋጠሚያዎች እንደ ጠባሳ ፈጠው ታዩ። ያንን ግን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

«ያምራል፣ እማዬ» አለች። ቆየት ብላም «የእኔው የት ሄደ?» አለችኝ።

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ጋሻውን በቀስታ አስቀምጣ፣ ቁርሷን ሳትበላ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። እኔም ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እስከ ቀትር ድረስ አንድ ቀሚስ እንኳ መጨረስ አቃተኝ።

የታወሰኝ ሌላ ጠዋት ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ለሶፋችን የሚሆን ዳንቴል ጀምሬ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባለሙያ ነበረች። አንድ ሌሊት የሠራሁትን ተርትራ፣ በራሷ እጅ አሳምራ ጨረሰችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህንን የሠራችው ልጄ ናት» እያለች ታሳያለች። ሰው ሲያመሰግነኝ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዳንቴል መርፌ በእጄ አልያዝኩም። እናቴም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አለፈች። እኔም አልነገርኳትም።

ማታ ልጄ ስትመለስ አጠገቤ አስቀመጥኳትና ይህንን ታሪክ ነገርኳት። ከዚያም «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። እንግዲህ በእኛ አገር ወላጅ ልጁን ይቅርታ የመጠየቅ ልማድ የለውም። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ጉሮሮዬን አንቆኝ ነበር። ልጄ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየች።

«የቀረው ፎም ለአንድ ጋሻ ይበቃል። እንደገና እሠራዋለሁ» አለች። «አንቺ ግን ያዢ ያልኩሽን ብቻ ነው የምትይዢው።»

ተስማማን። አራት ቀን ነበረን። ልሙጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝም በእነዚህ አራት ቀናት ነው። እስከዚያ ድረስ የማስበው ቀለም ሲቀባ ጉድለት ሁሉ ይሸፈናል ብዬ ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በተለይ የብርና የወርቅ ቀለም ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ፣ ሥር ያለችውን ቀዳዳና ጭረት ሁሉ አጉልቶ ያወጣል። ልስላሴው የሚሠራው ቀለም ከመነካቱ በፊት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልጄ አዲስ ምላጭ አስገብታ፣ ካተሯን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ በአንድ ረጅም ስበት ቆረጠች። ከሁለት ቅጠል በኋላ የምላጩን ጫፍ እየሰበረች አዲስ ታወጣለች። ሁሉንም ቅጠሎች ከቆረጠች በኋላ ማስቲሹን በስሱ በሁለቱም ጎን ቀብታ፣ አባባ እንዳሉት አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቀች። የእኔ ሥራ መስኮቱንና በሩን መክፈትና ለቡና የተቀጣጠለውን ከሰል ወደ ደጅ ማውጣት ነበር። የማስቲሽ ሽታ ሲተነፍሱት ይጎዳል፤ ለእሳት ከቀረበም ይቀጣጠላል። ጎረቤቶቼ ቡናውን ደጅ ላይ በመጠጣታቸው ጥቂት ሳይታዘቡኝ አልቀሩም።

በሁለተኛው ቀን የሙቀት ሥራ ተሠራ። የፀጉር ማድረቂያ ሞክረን ሙቀቱ ስላነሰን፣ ስልክ ጠጋኞች «ብሎወር» የሚሉትን ሞቃት አየር የሚነፋ መሣሪያ ከሰፈር ልጅ ተዋስን። ልጄ መሣሪያውን አንድ ቦታ ሳታቆም ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሰች አሞቀችው። ፎሙ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ በተደፋ የብረት ሳፋ ላይ ጭነን እስኪቀዘቅዝ ድረስ በአራት እጅ ያዝነው። ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። እምብርቱንም ከስሱ ፎም ክብ ቆርጣ፣ አሙቃ በጭልፋ ጀርባ ላይ ጎበጥ አደረገችው። ሙቀቱ ሌላም ጥቅም አለው። በፎሙ ፊት ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋቸዋል፤ ፊቱም ፈዛዛ የነበረው ጥቂት ማንጸባረቅ ሲጀምር ይታያል። ከተዘለለ ግን ቀለሙን ሁሉ እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል።

ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገቻቸው፤ በ120 ቁጥር ጀምራ ወደ 240 ከዚያም ወደ 400 አለፈች። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነበር፤ ብናኙ መጥፎ ነውና። ፎም ሲፈተግ እንደ ብርድ ልብስ ፀጉር ያወጣል። ያንን ባየሁ ጊዜ «ተበላሸ» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ግን መሣሪያውን አንሥታ ለአፍታ ሞቃት አየር ስታሳልፍበት ፀጉሩ ሁሉ ተኛ። ስንጥቆቹን የሞላችው ቀለም ቀቢዎች በበርና በመስኮት ዙሪያ በሚጠቀሙበት፣ በውኃ በሚታጠበው አክሪሊክ ማሸጊያ ነው። የቀለም መደብሩ ልጅ እንዳስረዳን፣ ይህኛው እንደ ሲሊኮን ቀለም አይገፋም፤ እንደ ግድግዳ ስቱኮም ደርቆ፣ ፎሙ ሲለመጥ አይሰነጠቅም። በእርጥብ ጣቷ እየዳሰሰች እኩል አደረገችው።

ሦስተኛው ቀን የትዕግሥት ቀን ነበር። ነጩን የእንጨት ኮላ በጥቂት ውኃ አቅጥና አንድ ጊዜ በስሱ ቀባችው። እስኪደርቅ ጠበቅን። እንደገና ቀባችው። በዚህ ዓይነት አምስት ጊዜ ተቀባ። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት የሚያመጣው መንጠባጠብና የብሩሽ ዱካ ነው። በየመሀሉ ጉድፍ ስታገኝ በ400 ቁጥሩ ቀስ ብላ ታነሣዋለች። እኔ ብሩሹን አጥቤ ማቀበል ብቻ ነበር ሥራዬ። ለአንዲት ሰፊ እጇን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሙያ ጓደኞቼ ይረዱኛል።

ያን ዕለት ማታ አንድ ጊዜ አልቻልኩም። ከአንዱ መጋጠሚያ በስተግርጌ የጣት ርዝመት ያህል ያልጠፋ መስመር አየሁ። ከሱቄ የተረፈ ቀይ ከፈይ ነበረኝና «የመኳንንቱ ጋሻ እኮ ከፈይ ይለብሳል። እናልብሰውና ይሸፈናል» አልኳት።

ልጄ ከፈዩን በእጇ ዳሰሰችው። «ከሸፈንነውማ ለምን አለሰለስነው?» አለችኝ። ከፈዩን አጣጥፌ ወደ መሳቢያው መለስኩት።

በአራተኛው ቀን መሠረቱን ጥቁር ቀባች። እሱ ሲደርቅ ጠርዙንና እምብርቱን በብር ቀለም፣ በደረቅ ብሩሽ በስሱ እየነካካች ሳለችው። ጥቁሩ በየጥጉ ሲቀር ብሩ ዘመን ያሳለፈ አስመሰለው። በመጨረሻ ቀለሙ እንዳይፋቅ በውኃ የሚሠራ ቨርኒሽ ተቀባ። ከውስጥ በኩል የቆዳ እጀታ ያበጁላት አባባ ናቸው፤ ገንዘብ አልቀበል ብለው ተውኔቱን እንድትተርክላቸው ብቻ አስማሏት።

የዓድዋ በዓል ራሱ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ያከበረው በዋዜማው፣ የካቲት 22 ነው። ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጄ በጥልፍ ቀሚስና በካባ ሆና ስትወጣ አላየኋትም ማለት እችላለሁ፤ ዐይኔ በጋሻው ላይ ነበር። ለዘማቹ ስታስረክበው ልጁ በሁለት እጁ ዝቅ ብሎ ተቀበላት፤ ከባድ ያስመሰለው እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ከሥር ከሥር ሲያነሣው እጁ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ብርሃኑ በብሩ ጠርዝ ላይ ዞረ። ከአዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ያችን የጣት ርዝመት መስመር ከሦስተኛው ረድፍ አየኋት። ከእኔና ከልጄ በቀር ያያት ያለ አይመስለኝም። እንደ ወትሮዬ ቢሆን ኖሮ ከተውኔቱ የማስታውሰው እሷን ብቻ ነበር። ያን ዕለት ግን ሳያት ደስ አለኝ። መስመሯን የተወቻት የልጄ እጅ ናትና።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ወደ እኔ ዘንበል ብለው «እንዴት ያለ ጋሻ ነው! የት አሠራችሁላት?» አሉኝ።

«ራሷ ናት የሠራችው» አልኳቸው። እናቴ ስለ ዳንቴሉ ለእንግዶች ትል የነበረውም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የእኔ እውነት መሆኑ ነው።

እህቶቼ፣ ይህንን ሥራ በየቤታችሁ ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ አንድ አደራ አለኝ። ምላጩ፣ ማስቲሹና ሞቃት አየሩ ለልጅ ብቻውን የሚተዉ አይደሉም። አጠገባቸው ሁኑ፤ መስኮት ክፈቱ፤ እሳት አርቁ፤ እጅ ሲደክም ሥራውን አስቁሙ። የእናት ድርሻ ይኸ ነው፤ ጥቂትም አይደለም። የፕሮጀክት ሥራ፣ ሥዕል፣ የጂኦግራፊ ካርታ ተሰጥቷቸው ወደ ቤት ሲመጡም ጠማማዋን መስመር ለማቅናት እጃችን መቁነጥነጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ቅድሚያ ልጁን «ምን ልያዝልህ?» ብለን እንጠይቀው።

በእኔ እጅ የተሠራው የመጀመሪያው ጋሻም አልተጣለም። መሳቢያ ውስጥ፣ ከከፈዩ ሥር አለ። የብሩ ቀለም ከሲሊኮኑ ላይ ተላጦ አልቋል። ልጄ ግን ሰሞኑን አውጥታ በምላጭ እየቆራረጠችው ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ተውኔት የፈረስ ኮርቻ ሊሆን ነው አሉ። እኔም እንደ ትእዛዙ ያዢ የተባልኩትን ይዣለሁ።